ተረከዝሽን አውርጂ

«ምቱበት! ዛሬውኑ ሁለት ችንካር ምቱበት፤ እኔ ፈቅጃለሁ!»

ኤቫልዶ ነው፣ በስልክ። ጆሮው ከደከመ ወዲህ የደነቆረው እሱ ሳይሆን የተቀረው ዓለም ይመስል፣ ሲያወራ ጎረቤት ይቀሰቅሳል። «እሷ? እሷንማ ተያት የኔ ልጅ። እሷ ከእንግዲህ ኡርካ ሰፈር ብትመጣ ቢራዋን ይዛ የፀሐይ መጥለቂያ ልታይ ነው!» አለና ሳቀ። እህቱ ጁሬማ መታጠቢያ ቤት ውስጥ በግራ እግሯ ብቻ ቆማ ጥርሷን እየቦረሸች ይህን ሁሉ ሰማች። በአንድ እግር የቆመችው ለጨዋታ አይደለም። የቀኝ ተረከዟ ጅማት ጠዋት ጠዋት እንደ ደረቀ ጠፍር ስለሚገተር፣ እስኪሟሟቅ ድረስ መሬት ማስነካት አትችልም። ብሩሹን ከአፏ አወጣች። ስለ የትኛው ድንጋይ እንደሚያወራ መጠየቅ አላስፈለጋትም። በሪዮ ካለው አለት ሁሉ፣ ያለ እሷ ፈቃድ ችንካር ሊመታበት የማይገባው አንድ ብቻ ነው።

ግድግዳ እየተደገፈች ወጣች። ከወጥ ቤቱ ጀርባ፣ ልብስ በሚያጥቡበት ጠባብ ጓዳ ውስጥ፣ ኤቫልዶ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ስልኩን ዘግቶ ወደ ሌላ ሥራ ገብቷል። መነጽሩ አፍንጫው ጫፍ ላይ ወርዷል፣ ምላሱን በጥርሱ ነክሷል፣ በጉልበቶቹ መካከል ደግሞ የእሷን የአለት መውጫ ጫማ፣ የቀኙን፣ ወትፎ በዳቦ ቢላዋ ይገዘግዛል። የሚቆርጠው የጫማውን ኋላ ነው፣ ጅማቱ ላይ የሚጠብቀውን ወፍራም ላስቲክ። ጥቁር ቁራጭ መሬት ላይ ወደቀ። ሌላ ሴት ብትሆን ይሄኔ ትጮህ ነበር። ጁሬማ ግን የአባቷ ልጅ ናት፤ በእነሱ ቤት ሰው የሚጮኸው እግር ኳስ ሲኖር ብቻ ነው። ድምፅ ሳታሰማ ተመልሳ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። በአፉ ቀበረኝ፣ በእጁ ደግሞ ቋንጃዬን ቆረጠው፣ አለች በሆዷ።

ካቴቴ ውስጥ ያለው ቤታቸው ሁለት መኝታ ክፍል ያለው አሮጌ አፓርታማ ነው፤ የወጥ ቤቱ መስኮት በሕንፃው መሃል ለአየር በተተወ ጠባብ ክፍተት ላይ ስለሚከፈት፣ የአምስት ቤት ነጭ ሽንኩርት በአንድ መስኮት ይገባል። ኤቫልዶ የመጣው የእህቱ ባል አዴማር የሞተ ጊዜ ነበር፤ አንዲት ሻንጣ ይዞ፣ «ለሁለት ሳምንት ያህል፣ እንዳይከፋሽ» ብሎ። ሁለቱ ሳምንት ዓመታት ወልዶ እስካሁን አለ። ዕድሜውን ሙሉ የተሰበረ ሲጠግን የኖረ ሰው ነው፦ የአሮጌ ወንበር እግር፣ የቤተ ክርስቲያን መላእክት ጣት፣ ወርቅ ቅቡ የረገፈ የሥዕል ክፈፍ። ጥበቡ ሁሉ ሙጫው ላይ ነው። የሚጠግነውን ዕቃ ራሱን ትንሽ ፍቆ ዱቄቱን ከሙጫው ጋር ይለውሰዋል፤ ስለዚህ የሸክላው ሸክላ፣ የእንጨቱም እንጨት ይመስላል። የስኳር ዕቃው ጆሮ ሁለት ጊዜ ተሰብሮ ሁለት ጊዜ ተጠግኗል፤ ስንጥቁ የት እንደነበረ እንግዳ ቀርቶ የቤቱ ሰው አይለየውም። ስለሠራው ሥራ ግን ትንፍሽ አይልም። ዝም አይነቅዝም የሚባለው ለእሱ ነው፤ ኤቫልዶ ስልሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ያከማቸው ዝምታ አንዱም አልነቀዘም።

ቁርስ ላይ ተቀመጡ። ቢላዋው ታጥቦ በመካከላቸው ተጋድሟል።

«ዳቦ ተወደደ» አለ ኤቫልዶ።

«ተወደደ።»

«ኪሎውን ሃያ ሁለት ሬያል አስገቡት።»

«እንግዲህ።»

ቅቤ ቀባች። ዳቦው ላስቲክ ላስቲክ ይሸታል፤ ወይም ለእሷ እንደዚያ መሰላት። ምነው ጫማዬን ብላ ብትጀምር ነገሩ ወደ ስልኩ ይሄዳል፣ ከስልኩ ወደ እግሯ፣ ከእግሯ ወደ ዕድሜዋ። ሆድ ይፍጀው ብላ ተወችው።

በሪዮ አለት የሚወጡ ሰዎች አንድ ሕግ አላቸው። አንድን መንገድ ድንጋይ ላይ መጀመሪያ የከፈተ ሰው እስካለ ድረስ፣ ያለ እሱ ቃል ገመድ የሚታሰርባት አንዲት የብረት ችንካር አይጨመርበትም፣ አንዲትም አይነቀልለትም። ከፋቾቹ ሦስት ከሆኑ ሦስቱም ይጠየቃሉ፤ ስለ ሞተው የምትመልሰው ሚስቱ ናት። ወንድማማቾች በአንዲት ችንካር የተነሳ ለሠላሳ ዓመት የተኳረፉበት ከተማ ነው። በዚህ ሕግ መሠረት ጁሬማ በዚያ መንገድ ላይ ሁለት ድምፅ አላት፣ የራሷና የአዴማር። ኤቫልዶ አንድ ብቻ ነው ያለው። በዚያች አንድ ድምፁ ነው እንግዲህ ለሦስቱም የፈቀደው፣ ያውም እየሳቀ።

መንገዱ «ቅዳሜዎች» ይባላል፣ ባቢሎኒያ ኮረብታ ላይ ነው። ስሙን ያገኘው ሦስቱም ሥራ የማይገቡት ቅዳሜ ብቻ ስለነበረ ነው፤ አዴማር ፖስተኛ፣ ጁሬማ የስልክ ቤት ኦፕሬተር፣ ኤቫልዶ የጠጋኝ ተለማማጅ ነበሩ። ምን ዓይነት ቅዳሜዎች ነበሩ! ጎህ ሲቀድ የቋሊማ ዳቦና ቀዝቃዛ የማቴ ሻይ ይዘው ይወጣሉ፤ አንዲት ችንካር ለመትከል በመሮና በመዶሻ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ አንዱ ይመታል፣ አንዱ ገመድ ይይዛል፣ አንዱ ይዘፍናል፤ ከታች «ቀይ ዳርቻ» በሚባለው አሸዋ ላይ ሰው እንደ ሩዝ ተበትኖ ይታያል። ማታ እጃቸው አብጦ ብርጭቆ መያዝ ያቅታቸውና በሁለት እጅ ይጠጣሉ። አሁን ያንን ሁሉ ስታስበው የሚናፍቃት ድንጋዩ አይደለም፣ ያ የመዳፍ እብጠት ነው። ያኔ ደግሞ አንድ ሞኝነት ነበራቸው፣ የሁሉም ነው፦ ጫማ እግርን ካላስለቀሰ ድንጋይ አይዝም ይሉ ነበር። ከአርጀንቲና የመጣ አንድ እውነተኛ የአለት ጫማ ሲገኝ ጁሬማ ከእግሯ ሁለት ቁጥር የሚያንሰውን ወሰደች፣ ከዚያም ወዲያ እስከ ዛሬ ሁለት ቁጥር የሚያንስ ነው የምታደርገው። ጅማቱ አርባ ዓመት ታግሶ ኖሮ አሁን ሒሳቡን አወራረደ።

የቅዳሜዎች ድንጋይ ያዘነበለ ዝርግ ነው። እጅ የሚጨብጠው ነገር የለውም፤ ሰውን የሚይዘው የጫማው ላስቲክ ብቻ ነው፣ ላስቲኩ በደንብ እንዲያርፍ ደግሞ ተረከዝ ወደ ታች መውረድ አለበት። ሰው ሲፈራ ተረከዙ ይነሳል፤ ተረከዙ ሲነሳ ይንሸራተታል፤ ይኼን ማወቅ ቀላል ነው፣ ችግሩ ተረከዝ ምክር አለመስማቱ ነው። አዴማር ከታች ሆኖ የሚጮኸው አንድ ነገር ነበር፦ «ተረከዝሽን አውርጂ!» ደረት ከሚሉት የአለቱ መቆሚያ በላይ ያለውን ረጅም ዝርግ የከፈተችው ጁሬማ ናት፣ ቀላሏ እሷ ስለነበረች። መሮውና መዶሻው ወገቧ ላይ ተንጠልጥሏል፤ መሃል ስትደርስ ችንካር መትከል ነበረባት። ሳህን የምታህል ጎድጓዳ ቦታ አገኘች፣ ቆመች፣ መሮውን አስደግፋ መምታት ጀመረች። ጥቂት እንደመታች ባቷ እንደ ስፌት ማሽን ይርገበገብ ጀመር። አንዲት ምት ብትጨምር እንደምትወድቅ ገባት። በዚያች ሰዓት ለማረፍ ዝቅ ያለ አውሮፕላን ከጭንቅላታቸው በላይ እያገሳ አለፈ፣ ስለዚህ የመዶሻውን ድምፅ ከታች ማንም አልሰማም። መሮውን መለሰችና እንደ ተባረረ ሰው ወደ ላይ ሄደች፣ የሚቀጥለው እርከን ላይ እስክትደርስ ድረስም አልቆመችም።

ከታች ግን ሌላ ነገር ነው የታየው። ችንካር የናቀች ሴት ታየች። አዴማር ደርሶ ግንባሯን ሳማትና «ምን ዓይነት ልብ ነው የሰጠሽ!» አላት። ስንወርድ እነግረዋለሁ ብላ ነበር። ከዚያ መሸታ ቤት፣ ከዚያ ሠርጋችን ካለፈ በኋላ አለች፤ ከዚያማ ነገሩ ሥር ሰደደ። ዝርጉ፣ ችንካር ስለሌለበት፣ አለት የሚወጡት ሰዎች ክበብ ባሳተመው መጽሐፍ ላይ «የጁሬማ ባዶ» ተባለ፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። በኋላ በወጣች ቁጥር የጀመረቻትን ቀዳዳ በዓይኗ ትፈልግ ነበር፣ ሰው ሳያይብኝ ብላ። አላገኘቻትም። አንድ ሰሞን ድንጋዩ ራሱ ሸፈነልኝ አለች። ዓመታት ሲያልፉ ደግሞ፣ ምናልባት አልመታሁም ይሆናል፣ በሕልሜ ነው አለች።

ዛሬ እንግዲህ ያ ባዶ ሊሞላ ነው። ወጣቱ ሐኪም እግሯን ከዳሰሰ በኋላ «በእርስዎ ዕድሜ ዋና ጥሩ ነው» ብሏታል። የእንቅስቃሴ ሕክምና የምትሰጠዋ ሴት ደግሞ ደረጃ ላይ በጣቶቿ ቆማ ተረከዟን ቀስ እያለች ወደ ታች እንድታወርድ አዛታለች፤ በየቀኑ፣ ሲያምም ጭምር። «ተረከዝዎን ያውርዱ» ስትላት ጁሬማ ደረጃው ላይ እንባዋ መጣ፤ ሴትየዋ ሕመሙ ነው ብላ ውሃ አመጣችላት። በዚህ ዓለም ላይ ስሟ ያለበት ነገር መታወቂያዋ፣ የመብራት ቢሉና ያ ባዶ ነው። ችንካሩ ከተመታ በኋላ እዚያ የሚያልፈው ሌላ ሰው፣ የሚያልፍበትም ሌላ ድንጋይ ነው። ከመመታቱ በፊት አንድ ጊዜ በእግሯ መሄድ አለባት፤ እግሯ እምቢ ካለ ደግሞ ስልክ ለደወለችው ለታይናራ እምቢ የምትለው እሷ ራሷ ትሁን። ዛሬ ካልሄደች መቼም እንደማትሄድ ደግሞ አሳምራ ታውቃለች።

ጫማዎቹን ጓዳው ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው አገኘቻቸው። የተቆረጠውን እንዳታይ ፊቷን መልሳ ቦርሳ ውስጥ ከተተቻቸው፣ መታጠቂያዋን በላይ ጨመረች።

«ገበያ ደርሼ መጣሁ» አለች።

ኤቫልዶ ቦርሳውን አየ። ለገበያ ትልቅ ነው። «ሎሚ አምጪ» አለና ወደ ጋዜጣው ተመለሰ።

አውቶቡሱ ውስጥ የባህሩን ወገን ይዛ ተቀመጠች። ቦታፎጎ ጋ ሲደርሱ፣ ውሃው ላይ ጀልባዎቹ፣ ከኋላቸው ያ ትልቅ ድንጋይ፤ አዴማር ሁልጊዜ እዚህ ጋ ሲደርስ ጉልበቷን ነካ ያደርግ ነበር፣ ምንም ሳይናገር። ያ ሁሉ አለት ሲወጣ የኖረ ሰው የሞተው አልጋው ላይ፣ ከእራት በኋላ፣ «ትንሽ ደክሞኛል» ብሎ ነው። ጉልበቷን ራሷ ነካችው። አጠገቧ የተቀመጠች ሴት አየቻትና «እኔንም እርጥበት ሲሆን ያመኛል» አለቻት።

ኮረብታው ግርጌ፣ ሁልጊዜ ዕቃቸውን በሚያስቀምጡበት የጃካ ዛፍ ሥር፣ ታይናራ ገመድ ትጠቀልላለች። ታይናራ የሒሳብ አስተማሪ ናት፣ ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ያረጁ ችንካሮች የሚለውጠውን የክበቡን ቡድን የምትመራው እሷ ነች። ታላላቆቿን በአክብሮት «ዶና»፣ «ሴኡ» ብላ ነው የምትጠራው። ጁሬማን ስታይ ገመዱን ጣለችው።

«ዶና ጁሬማ! ሴኡ ኤቫልዶ እኮ እግርዎ…»

«እግሬ ምን?»

«አይ… ሦስታችሁም ፈቅዳችኋል ነው ያሉኝ።»

«ሦስታችንም? አዴማርን በየት በኩል አገኘው? እዚያም ስልክ አስገቡ እንዴ?»

ታይናራ መሳቅና ማፈር እኩል መጡባት። ከዚያ ነገሩን አስረዳች። ባለፈው ወር አንድ የክበቡ አባል ከባዶው መጨረሻ ተንሸራቶ ቁርጭምጭሚቱ ተሰብሯል፣ የመዳፉ ቆዳ ድንጋዩ ላይ ቀርቷል። ክበቡ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ ችንካር ይግባ አለ፤ ግማሹ ደግሞ ያ ባዶ የዶና ጁሬማ ልብ ነው፣ ልብ ላይ ችንካር አይመታም አለ።

«አንቺስ ምን አልሽ?»

«እኔ እርስዎ እንዳሉ ነኝ።»

«እሱን አይደለም የጠየቅሁሽ።»

ታይናራ ገመዱን አንስታ መጠቅለሏን ቀጠለች። ጁሬማም አላስጨነቀቻትም። «ችንካሩን እፈቅዳለሁ ወይም አልፈቅድም። መጀመሪያ ግን ወጥቼ አየዋለሁ። አንቺ ምሪ፣ እኔ በገመድሽ እከተላለሁ። እግሬ እምቢ ካለ ታወርጂኛለሽ፤ ለኤቫልዶ አትነግሪውም» አለቻት።

ዛፉ ሥር ተቀምጣ ጫማዋን አወጣች። ግራውን አጠለቀች፣ እንደ ድሮው ጣቶቿ ተጨፍልቀው አለቀሱ። ቀኙን ስትጎትት ለሕመሙ ጥርሷን ነከሰች፤ ሕመሙ ግን አልመጣም። ጎትታ ጨረሰች፣ አሁንም አልመጣም። እግሯን አዙራ አየች። ኋላው እንደ ግማሽ ጨረቃ ተቆርጦ ወጥቷል፣ ልክ ጅማቱ ባበጠበት ቦታ፣ በልክ። ጠርዙ ላይ ዙሪያውን ስስ የፍየል ቆዳ ተለጥፎበታል፤ መለጠፊያው አይታይም። የቆረጠውና የለጠፈው ዛሬ ጠዋት ቢሆንም፣ ይህ የአንድ ጠዋት ሥራ አይደለም። ቆዳውን ፈልጎ፣ አሳስቶ፣ እብጠቷን በዓይኑ ለክቶ፣ ማታ ማታ ተኝታ ሳለ ነው እንጂ። ጁሬማ ጣቷን ጠርዙ ላይ አዞረች። ንዴቷ ግን ወዲያው አልበረደም፤ ንዴት እንደ ጫማ ቶሎ አይወልቅም። እንዲህ ከሆነ ታዲያ በስልክ ያ ሁሉ ምን ነበር?

እስከ ደረቱ ድረስ ያለው ቀላል ነው፤ ችንካሮቹ ቅርብ ለቅርብ ናቸው፣ እያንዳንዷን ማን እንደመታት ታውቃለች። የጠመመችው የኤቫልዶ ናት። ደረቱ ላይ ራሷን አሰረችና የታይናራን ገመድ ያዘች። ታይናራ ወደ ባዶው ገባች። ጁሬማ ያንን ቦታ ስትከፍተው እንጂ ሌላ ሰው ሲያልፍበት ከታች ሆና በደንብ አይታ አታውቅም ነበር፤ ሁልጊዜ መሪዋ እሷ ነበረች። አሁን የልጅቷ ባት እንደ ስፌት ማሽን ሲርገበገብ፣ ተረከዟ ትንሽ በትንሽ ሲነሳ አየች።

«ተረከዝሽን አውርጂ!» የሚል ድምፅ ወጣ። የወጣው ከእሷ ነው፤ የአዴማር ነው የመሰላት። ታይናራ ተረከዟን አወረደች፣ ተነፈሰች፣ አለፈች።

የጁሬማ ተራ ሆነ። ቀስ አለች። ድሮ በዚህ ቦታ የሮጠችው ፍርሃት ሲያባርራት ነው፤ ዛሬ የሚያባርራት የለም፣ ገመዱ ከላይ ነው፣ ቀርፋፋዋ እግሯ ብቻ ናት። ተረከዟን ባወረደች ቁጥር ጅማቱ ይሳባል፣ ያቃጥላል፣ ግን ደረጃው ላይ እንደለመደው ይሸከማታል። መሃል ስትደርስ ቃጠሎው ጨመረና ሳህን የምታህለው ጎድጓዳ ውስጥ ቆማ ግንባሯን ድንጋዩ ላይ አሳረፈች። ፀሐይ የጠጣ ድንጋይ ይሞቃል። ዓይኗን ስትከፍት ከአፍንጫዋ ፊት ለፊት ቢጫ ክብ አየች፣ የጣት ጥፍር የምታህል፣ ዳሯ ተሰንጥቆ የተላቀቀ። በሩጫ ያለፈ ሰው መቼም አያያትም።

ከኪሷ የቤቷን ቁልፍ አወጣችና ጫፉን አስገብታ ፈለቀቀቻት። ቁራጯ መዳፏ ላይ ወደቀች። ከሥሯ ቀዳዳ አለ፣ አንድ አንጓ የማይሞላ፣ የመሮው ምልክት ዙሪያውን የሚታይ። ሕልም አልነበረም። ጁሬማ መዳፏን ወደ ዓይኗ አስጠጋች፤ ከላይ ድንጋይ ናት፣ ቢጫነት የገባበት ግራጫ፣ የሚያብረቀርቅ ነጠብጣብ ያላት፤ ከታች ሙጫ። የድንጋይ ዱቄት በሙጫ ተለውሶ። የስኳር ዕቃው ጆሮ ትዝ አላት።

ያን ቅዳሜ መጨረሻ የወጣው ኤቫልዶ ነበር። ችንካሮቹ ላይ የተንጠለጠለውን ዕቃ ሁሉ እየፈታ፣ እየሰበሰበ፣ ዓይኑን ድንጋዩ ላይ አድርጎ። ደግሞ ሌላ ነገር መጣላት፤ በዚያው ሰሞን፣ በሥራ ቀን፣ ጉልበቱ ተልጦ ገብቶ እናታቸው ስትቆጣ «ከአውቶቡስ ስወርድ ወደቅሁ» ያለው። ሥራውን ጥሎ፣ ብቻውን ከላይ በገመድ ወርዶ፣ የእህቱን ፍርሃት ደፍኖ ተመለሰ። ከዚያ ስለ ጁሬማ ልብ ሰዎች ባወሩ ቁጥር፣ ባሏ ጠረጴዛ እየመታ ባወራ ቁጥር፣ አጠገባቸው ተቀምጦ ብርጭቆውን ያያል። ምን ያስባል እያለች ስንት ጊዜ ተናዳበታለች! ቀናተኛ ነው ያለችበት ጊዜም ነበር። አሁን ግንባሯን ድንጋዩ ላይ እንዳሳረፈች አለቀሰች፣ በሙሉ ድምፅ፣ የእንቅስቃሴ ሕክምናዋ ሴትዮ ውሃ የማታመጣላት ቦታ ላይ።

«ዶና ጁሬማ! አመመዎት?» ታይናራ ነች፣ ከላይ።

«ፈርቼ ነበር!»

«አሁን? ልያዝዎት?»

«ያኔ! ያኔ ነው የፈራሁት!»

እርከኑ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሁሉንም ነገረቻት፣ ቁራጯን እያሳየች። ታይናራ ሙጫዋን አገላብጣ አየቻትና መለሰችላት። ኋላ ላይ፣ «እኔ በዚህ ባልፍ ባልፍ መንቀጥቀጡ አይለቀኝም» አለች። «በመጣሁ ቁጥር፣ አየሽ አንቺ እንደሷ አይደለሽም፣ ለዚህ አልተፈጠርሽም እላለሁ። ባለፈው ወር የተሰበረውም፣ ተመለስ ስንለው ዶና ጁሬማ አልተመለሰችም ነበር ያለው።» ይህ ከጅማቱ ይልቅ አመማት። አርባ ዓመት ሙሉ ዝምታዋ ራሷን ብቻ የሚጎዳ መስሏት ነበር።

«እንግዲያው ምቺበት» አለች ጁሬማ። «ሁለት አያስፈልግም። አንድ ይበቃል። ቦታውን እኔ መርጫለሁ፣ ድሮ።»

ታይናራ በገመድ ወረደች። አዴማር ግማሽ ቀን ይፈጅበት የነበረውን የባትሪው መሰርሰሪያ በአንድ ትንፋሽ ጨረሰው፤ እዚያው ቀዳዳ ውስጥ፣ ከመሮው ምልክት ቀጥሎ። የመጨረሻዎቹን የመዶሻ ምቶች ግን ተከትላት ለወረደችው ለጁሬማ ተወችላት። ሲወርዱ ታይናራ ጠየቀች፣ «ታዲያ ቦታው ከእንግዲህ ምን ሊባል ነው? ባዶ አይደለማ።»

«ጁሬማ የተንቀጠቀጠችበት በሉት።»

ቤት ስትደርስ ማታ ሊሆን ነው። ተረከዟ እየነደደ ደረጃውን አንድ በአንድ ወጣች። ኤቫልዶ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጦ ራዲዮ ያዳምጣል፤ ፍላሜንጎ አንድ ለባዶ እየተመራ ነው። በእሷ ወንበር ፊት፣ መሬት ላይ፣ በረዶ የሞላ ባልዲ ተቀምጧል። በረዶው ገና አልቀለጠም።

«ሎሚውስ?» አለ።

«አልነበረም።»

ቁጭ ብላ እግሯን ባልዲው ውስጥ ከተተች። ቅዝቃዜው እስከ ጥርሷ ደረሰ። ከዚያ ቁራጯን ከኪሷ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ፣ ከስኳር ዕቃው አጠገብ አስቀመጠቻት። ኤቫልዶ መነጽሩን ፈልጎ አደረገ። በጥፍሩ አገላበጣት፣ ወደ መብራቱ አስጠጋት።

«መጥፎ ሥራ ነው» አለ። «ቀለሙን ለቋል።»

«አርባ ዓመት ቆይቷል።»

«ቢሆንም።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አልጠየቅሽኝማ።»

 ጠዋት ሙሉ በሆዷ ይዛው የዋለችው የራሷ ቃል ነው፣ አልጠየቀኝም የሚለው። ቢሆንም ጁሬማ አልለቀቀችውም፣ «አንተስ በስልኩ? ለእኔም ለአዴማርም የፈቀድከው ጠይቀኸን ነው?»

«ብጠይቅሽ እግሬ አለቀ ትይና አልጋሽ ላይ ትቀሪያለሽ። ሳልጠይቅሽ ስቀር ተናደሽ ትሄጃለሽ» አለ ኤቫልዶ፣ ዓይኑን ከቁራጯ ሳያነሳ። «ደግሞ ደንቆሮው እኔ ነኝ እንጂ አንቺ አይደለሽም። እንድትሰሚ ነው የጮህኩት።»

ራዲዮው ውስጥ ሰው ሁሉ ጮኸ፤ ፍላሜንጎ አግብቷል። ሁለቱም አልጮኹም። ጁሬማ እየሳቀች እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። ባሏንም፣ እነዚያንም ቅዳሜዎች፣ በሁለት እጅ ይጠጡባቸው የነበሩትንም ብርጭቆዎች የሚያስታውስ ሰው እዚህ ከእሷ ሌላ አንድ ብቻ መቅረቱን፣ እሱም ጠረጴዛው ማዶ መቀመጡን አሰበች። ቦርሳዋን ጎትታ የግራውን ጫማ አወጣች፣ ከዳቦው ቢላዋ ጋር አድርጋ ወደ እሱ ገፋችለት።

«ይኼኛውም ጀምሮኛል» አለችው።